መቼ ይከፈት፣ መቼ ይቆይ? የ24 ጠርሙስ ወይን ጠጅ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ቀን፤ ቆጠራ

ባለፉት ዓመታት ጥቂት በጥቂት የሰበሰብኳቸውን ወይን ጠጆች ዛሬ ከየተሸጎጡበት አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው፤ 24 ጠርሙሶች ሆኑ። ለዚህ ሥራ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር የደረሰብኝ ጉዳት ነው። ለልዩ ቀን እያልኩ ያቆየሁትን አንድ ነጭ ወይን ስከፍተው ቀለሙ እንደ ሻይ ጠቁሮ፣ ሽታው ተቆርጦ እንደዋለ ፖም ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ገና ያልደረሰ ቀይ ወይን ከፍቼ ድዴን ከማድረቅ በቀር ምንም ሳይሰጠኝ ቀርቷል። አንዱን በመዘግየት፣ ሌላውን በመቸኮል አጣሁ። ሁለቱንም ያጠፋሁት ጠርሙሶቹን በመዝገብ ሳይሆን በግምት ስለያዝኳቸው ነው።

ከ24ቱ መካከል ስድስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በ2005 የተለቀመ ፖያክ የተባለ የፈረንሳይ ቦርዶ ቀይ ወይን ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት የ2016 እና አንድ የ1996 ባሮሎ (የጣሊያን ቀይ)፣ ሁለት የ1999 መርሶ (የፈረንሳይ ቡርጎኝ ነጭ)፣ አንድ የ1990 ቮልኔ (የቡርጎኝ ቀይ)፣ አራት የ2007 የሞዘል ሪዝሊንግ (የጀርመን ነጭ)፣ ሁለት የ1985 ቪንቴጅ ፖርት (አልኮል የተጨመረበት የፖርቱጋል ጣፋጭ ወይን) እና አንድ የ2001 ሶተርን (የቦርዶ ጣፋጭ ነጭ) አሉ። የቀሩት አራቱ ወጣት ሆነው እንዲጠጡ የተሠሩ ቀይ ወይኖች ስለሆኑ ስለእነሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ በመጪዎቹ ሳምንታት ይጠጣሉ።

እያንዳንዱን ጠርሙስ በእጅ ባትሪ ፊት አቁሜ ሦስት ነገሮችን መዘገብኩ፤ የወይኑን ከፍታ፣ ቀለሙን እና ቡሹ አካባቢ የመፍሰስ ምልክት መኖር አለመኖሩን። በአዲስ ጠርሙስ ወይኑ አንገቱ ውስጥ ገብቶ ይታያል፤ ዓመታት ሲያልፉ እስከ አንገቱ ሥር ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በአምስቱ የፖያክ ጠርሙሶች ወይኑ አንገቱ ሥር ላይ ነው፤ ስድስተኛው ግን እስከ ትከሻው ወርዷል፤ በአፉ ላይ ያለው የብረት ሽፋንም በጣቴ ስነካው ይጣበቃል። በውስጥ ያለው ወይን አንድ ዓይነት ቢሆንም ይህ ጠርሙስ የራሱን ሕይወት ኖሯል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው። ከሁለቱ መርሶዎች አንዱ ደማቅ ወርቃማ፣ ሌላው ደግሞ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። በአንድ ቀን የታሸጉ፣ በአንድ ሣጥን የመጡ ጠርሙሶች እንዲህ መለያየታቸውን ሳይ፣ በየሠንጠረዡ ላይ የሚወጣው «ከዚህ ዓመት እስከዚያ ዓመት ይጠጣ» የሚል ምክር ስለ ወይኑ እንጂ ስለ ጠርሙሱ እንደማይናገር ገባኝ።

9ኛ ቀን፤ ማደሪያውን ማዘጋጀት

እስከ አሁን ጠርሙሶቹ የነበሩት ከምድጃ ብዙም በማይርቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ለአንድ ሳምንት አስቀመጥኩበት፤ ከ17 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲዋዥቅ ሰነበተ። ያን ባየሁበት ቀን ማታውኑ ሁሉንም ከደረጃው ሥር ወዳለው ጨለማ ቦታ አጋዝኳቸው።

ለረጅም ቆይታ የሚመከረው ሙቀት 12 ወይም 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀት ሲጨምር ወይኑ ውስጥ ያለው ለውጥ ሁሉ ይፋጠናል፤ የሚፋጠነው ግን እኩል አይደለም፤ ስለዚህ በሙቀት የተቻኮለ ወይን በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ የደረሰውን ወይን አይሆንም። መዋዠቁ ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው፤ ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸበሸብና አየር ይስባል። የዚያ የተጣበቀው ፖያክ ምስጢር ይኸው ይመስለኛል።

አንድ ቀላል ዘዴ ጠቅሞኛል። ቴርሞሜትሩን በአየር ላይ ከማንጠልጠል ይልቅ ውኃ በሞላሁት ባዶ የወይን ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት። ከደረጃው ሥር ያለው አየር በቀንና በሌሊት መካከል በ5 ዲግሪ ሲለዋወጥ የውኃው ጠርሙስ የተለወጠው በ1 ዲግሪ ብቻ ነው። ወይኑ የሚሰማው አየሩን ሳይሆን ጠርሙሱን ስለሆነ፣ ትክክለኛው ልኬት ይህ ነው። ሆኖም ወቅት ሲለወጥ ያ ቦታ እስከ 19 ዲግሪ እንደሚደርስ ስለማውቅ፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቆዩት ትንሽ የወይን ማቀዝቀዣ አስገባሁና በ13 ዲግሪ አቆምኩት። እርጥበቱ 65 በመቶ ገደማ ነው። ባለ ቡሽ ጠርሙሶች ቡሹ እንዳይደርቅ በጎናቸው ተኝተዋል።

ቅዝቃዜና ጨለማ ምን ያህል እንደሚያቆዩ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ በ2010 በባልቲክ ባሕር፣ በኦላንድ ደሴቶች አጠገብ ከሰመጠ መርከብ የወጣው ሻምፓኝ ነው። 168 ጠርሙሶች 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ 170 ዓመት ያህል ተኝተው ነበር። ሲቀመስ በመጀመሪያ የእንስሳና የእርጥብ ፀጉር ሽታ ሰጠ፤ ብርጭቆው ተሽከርክሮ አየር ሲያገኝ ግን የጭስ፣ የቅመምና የቆዳ መዓዛ ወጣ። ቀዝቃዛው ጨለማ ወይኑን ለዚያን ያህል ዘመን አቆየው፤ የመጀመሪያውን ክፉ ሽታ ያባረረለት ደግሞ የጥቂት ደቂቃ አየር ነው። የዚህ ሥራ ጥያቄ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለ ነው።

3ኛ ሳምንት፤ የመጀመሪያው ፖያክ

ጠርሙሱን ከሦስት ቀን በፊት አቁሜው ስለነበር ዝቃጩ ወደ ታች ወርዷል። ዛሬ ስከፍተው ቡሹ እስከ ጫፉ ድረስ በወይን ርሷል፤ ሆኖም የኮምጣጤ ሽታ የለም።

ሙከራው እንዲህ ነው፦ የወይኑን ግማሽ፣ መጠኑ ግማሽ ሊትር በማይሞላ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቼ ሳልከድነው አቆምኩት፤ ሌላውን ግማሽ ወደ ዲካንተር (ወይን ከመጠጣቱ በፊት የሚገለበጥበት ሆደ ሰፊ የመስታወት ዕቃ) አዛወርኩት። ከዚያ በፊት የሁለቱን ገጽ ለካሁ። የጠርሙሱ አንገት የውስጥ ስፋት 1.85 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አየር የሚነካው ገጽ 2.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የዲካንተሩ ሆድ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ገጹ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከ100 እጥፍ በላይ ነው። «ቀደም ብለህ ቡሹን አውልቅለትና ይተንፍስ» የሚለው የተለመደ ምክር ወይኑን በጠባብ ቀዳዳ እንዲተነፍስ መተው ማለት መሆኑን ቁጥሩ ያሳያል። እርግጥ ነው፣ ትንሹ ጠርሙስም ሲሞላ በመንቆርቆሩ ጥቂት አየር አግኝቷል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የዲካንተሩ ወይን የዝግባ እንጨትና የጥቁር ከረንት መዓዛ ማውጣት ጀመረ፤ የትንሹ ጠርሙስ ወይን ግን እንደተቆለፈ ነበር። በሁለተኛው ሰዓት ዲካንተሩ ከሁሉ የተሻለበት ቦታ ደረሰ። በአራተኛው ሰዓት ፍሬያማነቱ ሸሽቶ እንጨቱ ብቻ ቀረ፤ ያን ጊዜ ትንሹ ጠርሙስ ዲካንተሩ በአንደኛው ሰዓት ላይ የነበረበት ደረጃ ላይ ነበር። ደረጃው የወረደ ጠርሙስ ስለሆነ ቶሎ መድከሙ አያስገርምም፤ ለጤናማዎቹ አምስት ይህን ሰዓት እንዳለ አልወስደውም።

የታወቁት የቦርዶ የወይን ሊቅ ኤሚል ፔይኖ ዝቃጭ የሌለው ወይን ጨርሶ መዛወር እንደሌለበት፣ ዝቃጭ ያለውም ቢሆን ሊጠጣ ሲል ብቻ መዛወር እንዳለበት ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ማታ ካየሁት በመነሣት በዚህ ልስማማ አልቻልኩም። ያ ሁለተኛ ሰዓት በእርግጥ ከመጀመሪያው ደቂቃ የተሻለ ነበር።

7ኛ ሳምንት፤ ሁለቱ ባሮሎዎች

ከሁሉ ይበልጥ ስጠብቀው የነበረው ቀን ይህ ነው። ባሮሎ የሚሠራው ከኔቢዮሎ የወይን ዝርያ ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢሆንም ታኒኑ (ድድ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር) እና አሲዱ ብርቱ ነው። ደንቡ ራሱ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ከተለቀመበት ዓመት ኖቬምበር 1 ጀምሮ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 18 ወር በእንጨት በርሜል እንዲቆይ ያስገድዳል።

የ2016ቱን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ዲካንተር አዛውሬ ለስድስት ሰዓት ተውኩት። የ1996ቱን ግን ዝቃጩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለአንድ ሳምንት አቁሜው ከቆየሁ በኋላ፣ ከመጠጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ብቻ አዛወርኩት። በሙያው ረጅም ዓመት ያሳለፉና ዕቅዴን ሁሉ የማማክራቸው አንድ አዛውንት አብረውኝ ቀመሱ።

የ2016ቱ መዓዛ በእርግጥ ተከፍቶ ነበር። ጠዋት የተዘጋ ሽታ የነበረው ወይን ከሰዓት በኋላ ጽጌረዳና የቀይ ቼሪ ፍሬ ሆነ። ነገር ግን አፌ ውስጥ ስይዘው ታኒኑ ጠዋት የነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ድዴንና የምላሴን ጎን እንዳሰረ ቀረ። የ1996ቱን ስቀምስ ታኒኑ አለ፤ ግን እንደ ለፋ ቆዳ ለስልሷል፤ መዓዛውም ሬንጅ፣ የደረቀ ጽጌረዳና እርጥብ አፈር ነው።

«ጋሼ፣ ሌላ ስድስት ሰዓት ብጨምርለት የ2016ቱ እዚህ ይደርሳል?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣» አሉኝ ብርጭቆውን ከአፍንጫቸው ሳያርቁ። «አየሩ በሩን ይከፍትልሃል እንጂ ቤቱን አይሠራልህም።»

ይህ ለምን እንደሆነ ማብራራት ይቻላል። በዲካንተር ውስጥ በሰዓታት የሚሆነው በአብዛኛው የሽታ ጉዳይ ነው፤ ወይኑን የሚያፍኑት ቀላል የሰልፈር ውሕዶች በንነው ይወጣሉ፣ ሌሎቹ መዓዛዎችም ይለቀቃሉ። በጠርሙስ ውስጥ በዓመታት የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ታኒኖቹ እርስ በርሳቸውና ከቀይ ቀለም ሰጪዎቹ ጋር ቀስ በቀስ እየተያያዙ ይለወጣሉ፣ ከእነሱም ገሚሱ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። የዝቃጩ መኖር ራሱ ይህ ሥራ የመከናወኑ ማስረጃ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሉዊ ፓስተር ወይንን በመስታወት ቱቦዎች ዘግቶ፣ አንዳንዶቹን እስከ አፋቸው ሞልቶ፣ በሌሎቹ ውስጥ ደግሞ አየር አስቀርቶ ሞክሮ ነበር፤ አየር ያገኙት በሳምንታት ውስጥ ቀለማቸው ተለውጦ ዝቃጭ ጣሉ፣ የሞሉት ግን ባሉበት ቆዩ። አየር ወይንን እንደሚያስረጅ ያኔውኑ ታይቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቶሎ ማርጀትና በቀስታ መድረስ አንድ አለመሆናቸውን ዛሬ በሁለት ብርጭቆዎች መካከል በራሴ ምላስ ለየሁት። የቀሩት ሁለቱ የ2016 ባሮሎዎች ወደ ማቀዝቀዣው ታችኛ ረድፍ ወርደዋል፤ ለረጅም ጊዜም አይነኩም።

11ኛ ሳምንት፤ ቮልኔውን ያጠፋሁበት ቀን

ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ማስታወሻው ለዚሁ ነው።

የ1990 ቮልኔ አንድ ብቻ ነበረኝ። ከፒኖ ኗር የሚሠራ ቀይ የቡርጎኝ ወይን ነው። ጠርሙሱን ስከፍት ከአፉ የወጣው ሽታ የበሰበሰ ቅጠልና ትንሽ የጭቃ ሽታ ስለነበረ፣ በፖያኩ እንዳየሁት አየር ያጠራዋል ብዬ ሳላመነታ ወደ ሰፊው ዲካንተር አዛወርኩት። ሲንቆረቆር ቀለሙ የፈዘዘ ጡብ ይመስል ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የቀዳሁት ትንሽ ብርጭቆ በሕይወቴ ከቀመስኳቸው ወይኖች ሁሉ በጣም ከሚያምሩት አንዱ ነበር፤ የጫካ እንጆሪ፣ የደረቀ ቅጠልና ልክ ከዝናብ በኋላ እንደሚሸት አፈር ያለ ነገር። ደስ ብሎኝ፣ እንግዶቼ እስኪደርሱ ይበልጥ ይከፈታል በማለት ለሁለት ሰዓት ተውኩት። ሲደርሱ ዲካንተሩ ውስጥ የነበረው ቀጭን፣ ኮምጣጣ፣ መዓዛ አልባ ፈሳሽ ነበር። ብርጭቆውን ባሽከረክረውም፣ ብጠብቀውም አልተመለሰም።

ፔይኖን የተቃወምኩት በወጣትና በጠንካራ ወይን ተነሥቼ ነበር። ታኒን ኦክስጅንን ይሸከማል፤ ወጣት ቀይ ወይን የሚያስታጥቀው ብዙ መከላከያ አለው። 30 ዓመት ያለፈው ፒኖ ኗር ግን መከላከያውን በጠርሙሱ ውስጥ ጨርሶታል፤ በአየር የተሞላ ወይን በአንድ ሊትር እስከ 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ስለሚችል፣ ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሸከምኩት። ማድረግ የነበረብኝ ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ብርጭቆ በቀስታ እየቀዳሁ፣ መጥፎው ሽታ ብርጭቆው ውስጥ እስኪበን መጠበቅ ነበር። ብርጭቆ ራሱ ትንሽ ዲካንተር ነው፤ ጥቅሙም ስሕተቱ በአንድ ብርጭቆ መጠን ብቻ መሆኑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማላውቀውን ማንኛውንም አሮጌ ወይን ሳልቀምስ አላዛውርም፤ ስቀምስም አንዴ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ከአምስተኛውና ከሃያኛው ደቂቃ በኋላ እቀምሳለሁ፤ እየወደቀ ያለውን ከሚነሣው የሚለየው አቅጣጫው እንጂ የመጀመሪያው ሽታ አይደለምና።

14ኛ ሳምንት፤ መርሶና ሪዝሊንግ

ቡናማው መርሶ እንደገመትኩት ሞቷል። ወርቃማው ግን የተጠበሰ ለውዝና የማር መዓዛ ይዞ፣ አሲዱም ሳይላላ በጣም ደስ የሚል ሆኖ አገኘሁት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ብዙ የቡርጎኝ ነጭ ወይኖች ያለ ዕድሜያቸው በአየር መበላሸታቸው የታወቀ ችግር ነው፤ ችግሩም ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ስለሚለያይ ሣጥኑን ሙሉ በአንዱ መፍረድ አይቻልም። ሁለተኛውን ከዚህ በላይ ባቆየው ኖሮ ዕድሌን መፈተን ይሆን ነበር።

ሪዝሊንጉ ሲከፈት የክብሪት ሽታ ነበረው፤ በብርጭቆ ውስጥ በ15 ደቂቃ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የበሰለ ሪዝሊንግ የሚታወቅበት የነጭ ጋዝ ሽታ ከሎሚ ጋር መጣ። በስኳሩና በአሲዱ ተጠብቆ ገና ብዙ መንገድ አለው። ሦስቱ ይቆያሉ።

20ኛ ሳምንት፤ ፖርቱ እና ሻማው

ቪንቴጅ ፖርት ከለቀማው በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ሳይጣራ ይታሸግና ቀሪ ዕድሜውን በጠርሙስ ያሳልፋል፤ ስለዚህ እንደ እሱ ብዙ ዝቃጭ የሚጥል ወይን ጥቂት ነው። ለአሥር ቀን አቁሜው ነበር።

ቡሹ ተራ ጠመዝማዛ መክፈቻን አልቻለም፤ መሃሉ እንደ እርጥብ አፈር ፈረሰ። መክፈቻውን አውጥቼ በምትኩ ሁለት ቀጫጭን ምላስ ያለውን መክፈቻ በቡሹና በመስታወቱ መካከል ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ አስገባሁ፤ ከዚያም እያዞርኩ ስስበው ቡሹ ከነቁስሉ ወጣ። የጠርሙሱን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ፤ ሻማውን ከጠርሙሱ ትከሻ ሥር፣ ሙቀቱ እንዳይነካው አንድ ጋት ያህል ዝቅ አድርጌ አቆምኩ።

ማንቆርቆር ከተጀመረ በኋላ መቆም የለም፤ ጠርሙሱ አንዴ ከተመለሰ ዝቃጩ በሙሉ ይነሣል። ወይኑ በቀጭኑ ሲወርድ ብርሃኑ በትከሻው ውስጥ እንደ ቀይ ዕንቁ ያበራ ነበር። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም። ከዚያ ጠርሙሱ ሊገባደድ ሲል ከሆዱ ወደ ትከሻው እንደ ጭስ የምትሳብ ቀጭን ጥቁር ክር ታየች። እጄን አላንቀጠቀጥኩም፤ ክሩ አንገቱ ሥር እስኪደርስ ጠብቄ በአንድ ጊዜ ቀጥ አደረግኩት። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ አተላ ነበር። ይህ ወይን አየርን አይፈራም፤ በዲካንተሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆይቶም ገና እየጨመረ ነበር፤ 20 በመቶ ገደማ አልኮሉና ስኳሩ ይሸከሙታል።

26ኛ ሳምንት

ሁለተኛው ፖያክ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ይዞ ወጣ። ቲ.ሲ.ኤ. የተባለው ከቡሽ የሚመጣ ውሕድ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖ ግራም ብቻ ቢኖር እንኳ ይሸታል። አየር አያድነውም፤ እንዲያውም በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይታወቃል። አፈሰስኩት። ይህን የማያውቅ ሰው ወይኑ ገና አልደረሰም ብሎ ሌሎቹን አራት ለዓመታት ሊያቆያቸው ይችል ነበር፤ ስለዚህ በማግስቱ ሦስተኛውን ከፈትኩ።

ሦስተኛው ጤናማ ነው። ስከፍተው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላና በማግስቱ ቀመስኩት። በሦስተኛው ሰዓት ምርጥ ነበር፤ በማግስቱ ከጠርሙሱ ግማሽ የቀረው እንኳ አልወደቀም። አንድ ወይን በማግስቱም ቆሞ ከተገኘ ገና ዓመታት አሉት የሚለውን ልማዳዊ መለኪያ ካየሁት ጋር ሳስተያየው የሚታመን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

40ኛ ሳምንት፤ የቀሩት

ከ24ቱ 10 ቀርተዋል፤ ሦስት ፖያክ፣ ሁለት ባሮሎ፣ ሦስት ሪዝሊንግ፣ አንድ ፖርት፣ አንድ ሶተርን። በእያንዳንዱ አንገት ላይ ትንሽ ወረቀት አስሬ የዛሬውን የወይን ከፍታ በሚሊ ሜትር ጻፍኩ፤ በየዓመቱ በዚሁ ሳምንት እለካዋለሁ። ከፖያኮቹ አንዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ይከፈታል፤ ለሦስት ቀን ይቆማል፣ በሻማ ይዛወራል፣ ለሁለት ሰዓትም ይጠብቃል፣ በየመሃሉም ይቀመሳል። አዛውንቱ ቀኑን በራሳቸው ማስታወሻ ደብተር ላይ አስፍረውታል።